ማቃናት ወይስ መንቀፍ? ስለ ተፈጥሮ ፎቶግራፍና ስለ ሂስ

“ሂስ” የሚለው ቃል በአገራችን ብዙ ያየ ቃል ነው። ከግዕዝ ሲመጣ መንቀፍ፣ መውቀስ ማለት ነበር። በሥነ ጽሑፍ ሰዎች እጅ ሲገባ ደግሞ አንድን ድርሰት መርምሮ ብርቱውንና ደካማውን መለየት ሆነ። በአብዮቱ ዘመን “ሂስና ግለ ሂስ” ተብሎ ወደ ስብሰባ አዳራሽ ገባ፤ ሰው በጓዶቹ ፊት ተነሥቶ “ሂሴን ውጫለሁ” እያለ ተቀመጠ። አነጋገሩን ልብ በሉልኝ። የሚዋጥ ነገር አይታኘክም። ያን ሁሉ ሂስ የዋጠ ሰው የተባለውን መርምሮ “ይህ ልክ ነው፣ ይህ ግን ልክ አይደለም” ለማለት ጊዜም ዕድልም አላገኘም።

ያ ዘመን አልፏል፤ ቃሉ ግን ጠባዩን ጨርሶ አልተወም። “ገንቢ ሂስ ልስጥህ” ብሎ የሚጀምር ሰው ሳይ፣ አንድ የሚፈርስ ነገር መኖሩን አውቄ አስቀድሜ እጠነቀቃለሁ።

ይህን ሁሉ ያናገረኝ የፎቶግራፍ ነገር ነው። እንጅባራ ለሚማር ሰው ፎቶግራፍ አለማንሳት እኮ ይከብዳል። ከተማዋ ቀድሞ ኮሶ በር ትባል ነበር፣ በዛፍ ስም። ከየጓሮው ቀርከሃ አለ። ጥቂት ኪሎ ሜትር ሄድ ካሉ እሳተ ገሞራ የቆፈረው፣ ክብ የሆነው ዘንገና ሐይቅ አለ፤ ራቅ ካሉ ጥርባ አለ። ጥር 23 ቀን የአገው ፈረሰኞች ሲወጡ ደግሞ ስልኩን ከኪሱ የማያወጣ ማን ነው? ካሜራ ያለው ከመካከላችን ጥቂት ነው፤ ስልክ ግን ሁሉም አለው። ስለዚህ ማታ ማታ ዶርም ውስጥ ፎቶግራፍ ከእጅ እጅ ይዞራል፤ ሐይቁ፣ ጦጣው፣ አሞራው፣ ጉሙ። አንሺውም “እንዴት ነው?” ይላል።

መልሱ ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው “ግሩም ነው!” የሚል ሲሆን፣ የተናገረው ሰው ዐሥር ደቂቃ ቆይቶ ምን እንዳየ ቢጠየቅ አያስታውስም። ሁለተኛው “ዓይንህን ጨፍነህ ነው እንዴ ያነሳኸው?” ነው፤ ሰው ይስቃል፣ አንሺው ስልኩን ወደ ኪሱ ይመልሳል። ሁለቱ ተቃራኒ ይመስላሉ እንጂ አንድ ናቸው። ሁለቱም ፎቶግራፉን አላዩትም።

ለመሆኑ እንዲህ ያለ ፎቶግራፍ ሲቀርብልን የምንመልሰው መልስ ዕዳው ለማን ነው? አብዛኛው ሰው ለአንሺው ብቻ ይመስለዋል። አንሺውን አታስቀይም፣ ወይም አንሺውን አስተምር፤ ክርክሩ ሁሉ በእነዚህ በሁለቱ መካከል ነው። የጓደኛን ግጥም ስንተች ይህ ሊበቃ ይችላል፤ ግጥሙ ቢበላሽ የተበላሸው ወረቀት ነው። የዱር እንስሳ ፎቶግራፍ ግን ሌላ ወገን አለበት። ሳይጠየቅ የተነሣ፣ ቢጎዳም “ተጎዳሁ” የማይል፣ ዶርም ድረስ መጥቶ ስለራሱ የማይመሰክር ፍጡር አለበት። ከእርሱም ሌላ የሚያየው ሰው አለ፤ ያንን ቦታ በዓይኑ ሳያይ፣ በዚያ አንድ ምስል ብቻ “አዊ እንዲህ ነው” ብሎ የሚያምን ሰው። እንግዲህ ዕዳችን ለሦስት ነው ባይ ነኝ። ችግሩ ሦስቱ ሁልጊዜ አለመስማማታቸው ነው።

መጀመሪያ ለአንሺው ስላለብን ዕዳ እናንሣ፤ ለዚህ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። ጎጃም የዋሸራና የጎንጅ አገር ነው። ቅኔ ቤት ውስጥ ተማሪው ሲያወጣና ሲያወርድ ቆይቶ የቆጠረውን ቅኔ ለመምህሩ ያሰማል፤ መምህሩም ያቃናል። ቃሉ ማቃናት ነው፣ መንቀፍ አይደለም። ሊቃና የሚችለው ደግሞ ያለ ነገር ነው፤ የጎበጠ እንጨት ይቃናል እንጂ የሌለ እንጨት አይቃናም። መምህሩ መጀመሪያ ልጁ ምን ሊል እንደ ፈለገ፣ ምሥጢሩን፣ ያገኛል። ከዚያ ቤቱ የት ላይ እንደ ሰበረ፣ አገባቡ የት ላይ እንደ ተፋለሰ ያሳያል፤ ምሥጢሩን ግን ለልጁ ይተውለታል። የራሱን ምሥጢር ከጨመረበት ቅኔው የመምህሩ ሆነ ማለት ነው። “ይበል!” የሚለው ምስጋናም እኮ የሚገባው ወርቁን ላገኘ ሰው ነው። ሳይገባው “ይበል!” የሚል ሰው የሚያስቀው ራሱን ነው።

ይህንን ወደ ፎቶግራፉ እናምጣው። እንበል አንድ ልጅ ከዛፍ ላይ የተቀመጠ ጉሬዛ አንሥቷል። ጉሬዛ ጥቁርና ነጭ ነው፤ ለካሜራ ከዚህ የከፋ ፈተና የለም። ካሜራው ጥቁሩን አይቶ ብርሃን ሲጨምር ከትከሻው የሚወርደው ነጭ ጠጉርና የጅራቱ ነጭ ጫፍ ይቃጠላል፤ እንደ ኖራ ይሆናል። ለነጩ ብሎ ብርሃን ሲቀንስ ደግሞ ፊቱ ይጠፋል፤ ዓይን የሌለው እንስሳ ይሆናል። “ፊቱ አይታይም” ማለት ነቀፋ ነው፤ ልጁ ራሱ ያየውን ነገር መልሶ መንገር ነው። “ለነጩ ለክተህ አንሣው፤ የጠቆረው በኋላ ትንሽ ሊገለጥ ይችላል፣ የተቃጠለው ነጭ ግን አይመለስም፤ ደግሞም ደመና ባለበት ቀን ሞክረው” ማለት ግን ማቃናት ነው። እንጅባራ ላይ ደመና ያለበት ቀን እንደሆነ አይጠፋም። ዘንገናም እንደዚሁ ነው። በእኩለ ቀን ከላይ ሆኖ ክቡን በሙሉ ልያዝ ያለ ሰው የሚያገኘው የሚያብለጨልጭ ሳህን ነው። ለእርሱ “በጠዋት ና፣ ዳሩን አንዱን ብቻ ያዝ፣ ክብነቱን ሰው ራሱ ይጨርሰው” ቢባል በሚቀጥለው ቅዳሜ ሄዶ ሊሠራበት ይችላል።

ሊሠራበት የማይችለውን ምክር መስጠት ግን ከስድብ አይሻልም። “ሌንስ ግዛ” የሚሉ አሉ። የሌንሱ ዋጋ ከአባቱ ጥማድ በሬ ለሚበልጥበት ልጅ! ይህ ምክር ሳይሆን “አንተ ከዚህ ውጣ” ማለት ነው። ነገሩ ግን በማሳዘን ብቻ አያበቃም፤ እዚህ ላይ ለእንስሳው ያለብን ዕዳ ይመጣል። ስልክ ብቻ ያለው ሰው እንስሳው በፎቶው ላይ ትልቅ ሆኖ እንዲታይለት ከፈለገ መቅረብ አለበት። ለመቅረብ ዳቦ ይወረውራል። ዛሬ ከእጁ ዳቦ የለመደች ጦጣ ነገ ከሕፃን እጅ በቆሎ ትቀማለች፤ ከዚያ የሚከተለው ድንጋይ ነው። እኛ ዶርም ቁጭ ብለን “ጠጋ ብትል ኖሮ” ስንል ያንን ዳቦ የወረወርነው እኛ ነን። ለባለ ስልክ የሚሆነው እውነተኛ ምክር ሌላ ነው፤ ጦጣዋ ትንሽ ትሁን፣ ዛፉ፣ ገደሉ፣ ከሥር ያለው ማሳ ይታይ። የት እንደምትኖር የሚያሳይ ፎቶግራፍ ጥርሷን ከሚያሳየው አያንስም፤ እንዲያውም እኔ እርሱን እመርጣለሁ።

ማብላት ሁሉ ኃጢአት ነው እያልኩ አይደለም። ሐረር ላይ ጅብ ሲበላ የተነሣ ፎቶግራፍ አብዪውም፣ ሥጋውም፣ እንጨቱም ይታይበታል፤ የሆነውን ይናገራል፤ ማንንም አያታልልም። ያው ጅብ ሰውዬው ተቆርጦ ወጥቶ “የዱር አዳኝ” ተብሎ ቢቀርብ ግን ውሸት ሆነ። የስሜን ጭላዳም ከንፈሩን ገልብጦ ጥርሱን ሲያሳይ “ሲስቅ” ተብሎ ይጻፍበታል። ሳቅ አይደለም፤ ጭንቅ ባለ ጊዜ ለሌላው ጭላዳ የሚያሳየው ምልክት ነው። ከሥር የሚጻፈው ቃል የፎቶግራፉ አካል ነው፤ ሂሳችን እርሱን መዝለል የለበትም።

ከጥንቱ ጋር ሲተያይ የኛ ዘመን ሰው ታድሏል። ስኮትላንዳዊው ጀምስ ብሩስ እ.ኤ.አ. በ1770 ወደ ጎንደር ሲጓዝ ላማልሞ ተራራ ላይ ሰዎቹ ሥጋ ሊበሉ በተቀመጡበት አንድ ትልቅ አሞራ ወረደባቸው፤ አጥንት ከሰማይ እየጣለ የሚሰብረው ዓይነት። ብሩስ ተኩሶ ጣለው፤ ሥዕሉም በመጽሐፉ ገባ። በዚያ ዘመን አሞራ ለመሣል መጀመሪያ መግደል የተለመደ ነበር። ካሜራ ከዚህ ነው ያወጣን። ያው ብሩስ በዚያው ዓመት በአገው ምድር አልፎ ግሽ ዓባይ ደረሰ። እ.ኤ.አ. በ1790 ባሳተመው መጽሐፉ ውስጥ የዕፅዋት ሥዕሎች አሉ፤ ኮሶም አለ፣ ይህችን ከተማ ስም ያወጣላት ዛፍ። ብሩስ ሥዕሎቹን የራሱ አድርጎ አቀረበ። በኋላ እንደ ታወቀው ግን ብዙዎቹን የሣለው አብሮት የመጣውና ጎንደር ላይ የሞተው ጣሊያናዊ፣ ሉዊጂ ባሉጋኒ ነው። ስለዚህ አንድ ግሩም ፎቶግራፍ ሲቀርብልኝ የምጠይቀው አንድ ጥያቄ “ማን አሳየህ?” ነው። እንስሳው የሚውልበትን ዛፍ የሚያውቀው እረኛ ስሙ የት አለ?

“ማን አሳየህ?” የምለው ለእረኛው ክብር ብቻ አይደለም። ፎቶግራፉን የሚመረምር ዓይንም ብዙውን ጊዜ የእርሱ ስለሆነ ነው። የለንደኑ የተፈጥሮ ታሪክ ሙዚየም በየዓመቱ የዱር አራዊት ፎቶግራፍ ውድድር ያካሂዳል። እ.ኤ.አ. በ2009 ስፔናዊው ሆሴ ሉዊስ ሮድሪጌዝ በአጥር ላይ ሲዘል በተነሣ ተኩላ አንደኛ ወጣ። በጥር 2010 ሽልማቱ ተነሣ፤ ተኩላው ሰው ያለማመደው ሳይሆን አይቀርም ተባለ። በ2018 ደግሞ ብራዚላዊው ማርሲዮ ካብራል ባለፈው ዓመት ያሸነፈበት ፎቶግራፍ ተሰረዘ፤ በምስጥ ኩይሳ ሥር የሚታየው ጉንዳን በሊታ ቆዳው በገለባ የተሞላ የማሳያ እንስሳ ነው ተብሎ። ሁለቱም ክሱን አልተቀበሉም። እኔን የገረመኝ ግን ነገሩ የተያዘበት መንገድ ነው። ዳኞቹ ብርሃንና አሰላለፍ ለማየት የሠለጠኑ ነበሩ፤ እነርሱን አለፋቸው። የያዙት እንስሳውን የሚያውቁ ሰዎች ናቸው።

ይህ ለእኛ ትልቅ ወሬ ነው። ካሜራ ጨብጦ የማያውቅ፣ ግን ከብት እየጠበቀ ያደገ የአንከሻ ወይም የዳንግላ ልጅ በተፈጥሮ ፎቶግራፍ ላይ ሂስ ለመስጠት ከማንም ያላነሰ መብት አለው ማለት ነው። “እኔ ስለ ፎቶግራፍ ምን አውቄ” ብሎ ዝም ሲል እውነቱን ይዞ ዝም ማለቱ ነው።

ባለፈው ሰሞን በእጃችን ሲዞር የነበረውን አንድ ፎቶግራፍ በዚህ አንጻር እንየው። ይህች መጽሔት ፎቶግራፍ ስለማታወጣ በቃል ልግለጸው። ማለዳ ነው፤ ከፋግታ ለኮማ ኮረብታዎች አንዱ በአረንጓዴ ዛፍ ተሸፍኗል፤ በዛፎቹ መካከል ነጭ ነገር እየተነሣ ፀሐይ ከኋላ ታበራዋለች። በእውነት ያምራል። ከሥሩ “የጥንቱ ደን በማለዳ ጉም” ይላል። ግማሹ ሰው አደነቀ። አንድ የአዲስ ቅዳም ልጅ ግን ቀና ብሎ “ጉም አይደለም እኮ፣ ከሰል ነው” አለ። ከዚያ ሳቅ ሆነ፣ ከዚያ “ውሸታም” ሆነ፤ አንሺው ተነሥቶ ወጣ።

ልጁ ልክ ነው። ዛፉ የጥንት ደን አይደለም፤ የአካባቢው ሰው ዲከረንስ የሚለው፣ ትውልዱ ከአውስትራሊያ የሆነ ዛፍ ነው። ገበሬው ችግኙን ከጤፍ ጋር በአንድ ማሳ ይተክላል፤ ጤፉን ያነሣል፣ ዛፉን አራት አምስት ዓመት ያቆየዋል፣ ቆርጦ ያከስለዋል፣ ማሳውን እንደገና ያርሳል። ከሰሉ በጆንያ ሆኖ ባሕር ዳርና አዲስ አበባ ድረስ ይሄዳል። አሲድ የበዛበት፣ የደከመ አፈር ላይ እህል አልበቅል ሲለው ገበሬው ያገኘው መውጫ ነው። በቅርብ ዓመታት ደግሞ ዛፉን በሽታ እየመታው ብዙ ቤት ጭንቀት ገብቷል። ይህ ሁሉ ነገር በዚያ ፎቶግራፍ ውስጥ አለ፤ የተጻፈበት ቃል ግን ሸፈነው።

ታዲያ ምን መባል ነበረበት? ዝም ማለት አልነበረበትም፤ ፎቶግራፉን ያየ የሌላ አገር ሰው አዊ ላይ ድንግል ደን ሞልቷል ብሎ ያምናልና። “ውሸታም” መባልም አልነበረበትም። አንሺው ሊዋሽ አልተነሣም፤ ከሩቅ ሸንተረር ቆሞ ያማረ ነገር አየ፣ ለሚያምር ነገር የለመድነውን ስም ሰጠው። ዓይኑ ልክ ነበር፤ እግሩ ነው ያልቀረበው። እኔ ብሆን የምለው ይህን ነው፤ “ብርሃኑን ይዘኸዋል፣ እርሱን አትንካ። አሁን ግን ወደ ጭሱ ውረድ። ከሥሩ አፈር የሚያለብስ፣ ሌሊቱን ሲጠብቅ ያደረ ሰው አለ። ሰላምታ ሰጥተህ፣ አስፈቅደህ፣ እርሱንም ኮረብታውንም በአንድ ላይ አንሣ። ከለንደን የሚመጣ ሰው ይህን ፎቶግራፍ አያገኘውም፤ ጭሱን ጉም ነው ብሎ ያልፋልና።” እዚህ ላይ እውነቱ ፎቶግራፉን አላበላሸውም፤ ገና ያልተነሣውን የተሻለ ፎቶግራፍ አሳየ።

“ከሰል አክሳይ ከገባበትማ የተፈጥሮ ፎቶግራፍ አይባልም” የሚለኝ ይኖራል። ይህ ሐሳብ ከየት እንደ መጣ ግን እንጠይቅ። ሰው የሌለበት ተፈጥሮ ብዙ ጊዜ ሰው እንዲወጣ የተደረገበት ተፈጥሮ ነው። የስሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ እ.ኤ.አ. በ1978 በዓለም ቅርስነት ተመዘገበ፣ በ1996 አደጋ ላይ ካሉት ዝርዝር ገባ፣ በ2017 ወጣ። ከመውጣቱ በፊት የግጭ መንደር ነዋሪዎች ከፓርኩ ተነሥተው ደባርቅ ሰፍረዋል። መነሣታቸው ለዋልያው በጅቶ ሊሆን ይችላል፤ በዚያ ላይ አልከራከርም። ግጭ ላይ የሚነሣን ባዶ ሜዳ “ሰው ያልደረሰበት” ብሎ መጻፍ ግን ከጉሙ የባሰ ስሕተት ነው፤ ሰው ደርሶበት፣ ኖሮበት፣ ከዚያም ወጥቶበታልና።

“የሚወድህ ያስለቅስሃል፣ የሚጠላህ ያስቅሃል” የሚባለውን ተረት ጠቅሶ በሰው ፊት ማዋረድን ፍቅር ነው የሚል ሰው አጋጥሞኛል። ተረቱን አልጠላውም፤ ግን የሚወድህ ያስለቅስሃል ማለት ያስለቀሰህ ሁሉ ይወድሃል ማለት አይደለም። ለአንሺው ለብቻው ሊነገር የሚገባ አለ፤ ትኩረቱ የሳተ፣ የተንጋደደ፣ የጨለመ። በሰው ፊት መነገር ያለበትም አለ፤ በሰው ፊት የተነገረ ሐሰት። ከሰሉ ከሁለተኛው ወገን ነው፤ የአዲስ ቅዳሙ ልጅ በሰው ፊት መናገሩን የምደግፈው ለዚህ ነው። ሳቁን ነው የማልደግፈው፣ እርሱም እኮ አልሳቀም።

አንድ የሚያስቸግረኝ ነገር ቀርቷል። ሊቃና የማይችል ፎቶግራፍ አለ። ቅርንጫፍ ተቆርጦ ጎጆዋ ፀሐይ ላይ የወጣባት ወፍ፣ አፋቸውን የከፈቱ ጫጩቶች፣ ጥርት ያለ ፎቶግራፍ። ትኩረቱ ጥሩ፣ ብርሃኑ ጥሩ። የተቆረጠው ቅርንጫፍ ደግሞ ጠርዙ ላይ፣ ነጭ ቁስሉ እንዳለ፣ ይታያል። ጥላው የተነሣባቸው ጫጩቶች እስከ ማታ ይቆዩ አይቆዩ ፎቶግራፉ አይናገርም። በዚህ ላይ ከጓደኞቼ ጋር አልተስማማንም። እነርሱ “የሠራውን ጥፋት ለብቻ ንገረው፣ የሥራውን ጥበብ ደግሞ ለብቻ መዝንለት፤ ሁለቱን አትቀላቅል” ይላሉ። እኔ ግን ስለ ብርሃኑ አንድ ቃል አልናገርም። ብርሃኑ እኮ የመጣው ከተቆረጠው ቅርንጫፍ በኩል ነው። ስለ ቅርንጫፉ እጠይቀዋለሁ፤ ማን ቆረጠው፣ መቼ፣ ከዚያ በኋላ እናቲቱ ተመልሳ መጣች ወይ፣ አንተስ ምን ያህል ቆየህ። መልሱን ከሰጠኝ በኋላ ስለ ትኩረቱ ልንነጋገር እንችል ይሆናል።